ሞተሩ እየሠራ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ?

ጥያቄውን የላከችልኝ ባሕር ዳር የምትኖር የ27 ዓመት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

"መሥሪያ ቤቴ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ሰጥቶኝ በሥራ ቀን ቀበሌ ለቀበሌ እዞርበታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የራሴን አሮጌ ዲቲ 125 ይዤ ከጓደኞቼ ጋር ከአስፋልት እንወጣለን። አንዳንዴ ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴ በጢስ ዓባይ መስመር። በጣም ነው የምወደው። ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክንዴ ድንጋይ ይሆናል። ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተኛል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ራሱ ፈተና ነው። ጓደኞቼ 'ሞተሩ ነው የሚሠራው፤ አንቺ ምን ሠርተሽ ነው የደከመሽ?' እያሉ ይስቁብኛል። እናቴ ደግሞ 'የሴት ገላ ለዚህ አይሆንም' ትላለች። አቅም ስለሌለኝ ነው? ለመሆኑ ይሄ ስፖርት ይባላል? ጂም ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?"

እህቴ፣ አይቅርብሽ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ሞተርም እነዳለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡ ሞተር ነጂዎች መካከል ያንቺን ቅሬታ የማያነሳ ጥቂት ነው። ደረታቸው የሰፋ፣ ክንዳቸው የፈረጠመ ወንዶች "እጄ አልታዘዝ አለኝ" ብለው ይመጣሉ። እንዲያውም ጉልበተኛው ቀድሞ የሚዝልበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የጓደኞችሽን ሳቅ እንዝጋው። "ሞተሩ ነው የሚሠራው" የሚለው ነገር አስፋልት ላይ ግማሽ እውነት ነው። ከአስፋልት ስትወጪ ግን ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ሰዎች እየነዱ ሳለ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀሙ ለኩ። ሞተር ሳይክል የነዱት በአማካይ ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው በደቂቃ 21 ሚሊ ሊትር ገደማ ተጠቀሙ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 3.5 ገደማ ይበቃዋል። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ይህ ከሶምሶማ ሩጫ ብዙም የራቀ አይደለም። በባለ አራት ጎማዋ ሞተር የነዱት ግን 12 ገደማ ላይ ቀሩ። እሷ ራሷን ችላ ትቆማለች፤ ሁለት ጎማውን ግን የምታቆሚው አንቺ ነሽ።

የሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈርና በጉብታ ላይ የሚደረግ የሞተር ሽቅድምድም፣ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በዓለም ሻምፒዮና አንዱ ፉክክር 30 ደቂቃ ሲደመር ሁለት ዙር ነው። በውድድር ላይ ልባቸው የተለካ ነጂዎች ከከፍተኛ የልብ ምታቸው ከ90 በመቶ በላይ ሆነው ደቂቃዎችን ሲቆጥሩ ታይቷል። ከፊሉ የኦክስጅን ጥያቄ ነው። ከፊሉ ፍርሃትና ደስታ ነው። ከፊሉ ደግሞ ጡንቻን አጥብቆ ይዞ ያለመልቀቅ ጣጣ ነው። ያንቺ ነገር እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ስፖርት ይባላል። ሲጠይቁሽ "ሶምሶማ እየሮጥኩ ሞተር እይዛለሁ" በያቸው።

አሁን ወደ ክንድሽ። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት መዳፍሽ ውስጥ ሳይሆን ከክርንሽ በታች ነው። ብዙም በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ጡንቻ ሲሠራ ደም ይጠራል፤ ያብጣል። እየጨበጥሽና እየለቀቅሽ ከሆነ ችግር የለም፤ ደሙ ገብቶ ይወጣል። ጨብጠሽ ሳትለቂ ስትቆዪ ግን ጡንቻው ራሱ ደም መላሾቹን ይጫናቸዋል። መግቢያው ክፍት ነው፤ መውጫው ጠቧል። ሽፋኑ አይለጠጥምና ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። ክንድሽ ይወጠራል፤ ጣትሽ ይደነዝዛል። እጅሽን "ፍሪሲዮኑን ያዝ" ስትይው አይሰማሽም። ቆመሽ እጅሽን ዝቅ አድርገሽ ስታራግፊው በጥቂት ደቂቃ ይለቅሻል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ጨበጥሽ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ክንድሽን ያደከመው እግርሽ ነው።

መቀመጫው ላይ ዘና ብለሽ ተቀምጠሽ ጉድጓድ ስትመቺ ሞተሩ ወደ ላይ ይወረውርሻል። ሰውነት መያዣ ይፈልጋል። ጉልበት ካልያዘ እጅ ይይዛል። ነዳጅ ስትሰጪ ወደ ኋላ ትጎተቻለሽ፤ እጅ ይይዛል። ፍሬን ስትይዢ ወደ ፊት ትንሸራተቻለሽ፤ እጅ ይገፋል። ጠጠሩ ላይ የፊት ጎማው ሲወላወል ትደነግጪና የበለጠ ትጨብጫለሽ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቢው። ጉልበተኛው ቀድሞ የሚዝለውም ለዚህ ነው። ክንዱ ላይ ስለሚተማመን ሞተሩን በግድ ቀጥ ሊያደርገው ይታገላል። ሞተሩ መቶ ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፍጥነት አለው። በክንድ ማን ያሸንፈዋል?

እጅ የሚመራ እንጂ የሚሸከም አይደለም። ክብደትሽ መርገጫው ላይ ይሁን። ሞተሩን የሚይዙት ሁለት ጉልበቶችሽ ናቸው። ቆመሽ ስትነጂ ከጣቶችሽ ሥር ያለው ወፈር ያለው የእግርሽ ክፍል መርገጫው ላይ ይረፍ። ጉልበትሽ ትንሽ ታጥፎ የነዳጁን ታንከር ግራና ቀኝ ይንካ፤ መንገዱ ሲበላሽ ቆንጠጥ ያድርገው። ዳሌሽ ወደ ኋላ፣ ደረትሽ ወደ መሪው ዘንበል፣ ክርንሽ ወደ ውጭ ከፍ። ጀርባሽ አይጉበጥ፤ ከዳሌሽ ታጠፊ። ዓይንሽ ጎማው ሥር አይደለም፤ ሃያ ሜትር ወደ ፊት ነው። ጎማሽ ሥር ያለውን ድንጋይ ስታዪው አልፈሽዋል፤ ምንም አታደርጊለትም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ ቆመሽ እየሄድሽ የግራ እጅሽን ጣቶች ተራ በተራ አንሺና መልሺ። ከተቻለሽ ክብደትሽ እግርሽ ላይ ነው። ካልተቻለሽ እጅሽ ላይ ተንጠልጥለሻል፤ ዳሌሽን ወደ ኋላ ውሰጂ፣ መቆንጠጡን አጥብቂ። ይህን ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ጓደኛሽ ከፊት ይዞልሽ፣ ግቢ ውስጥ ቁሚበት። ሲስቁ ይሳቁ።

አንድ ቦታ በደንብ ላሳይሽ። በዘጌ መንገድ ጎርፍ የቆረጠውን ቦታ አስቢ። ስፋቱ አንድ እርምጃ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት። ዳርና ዳሩ በከብት እግር ተንዶ ተዳፍቷል። ተቀምጠሽ ከገባሽበት የፊት ጎማው ሲወርድ ክብደትሽ ሁሉ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ሲወጣ ደግሞ መቀመጫው ከታች ይመታሻል። ቆመሽ ከሆነ ግን እንዲህ ነው። ፍሬንሽን ከአሥር ሜትር በፊት ትጨርሺያለሽ፤ ሁለተኛ ማርሽ ታስገቢያለሽ። ጫፉ ላይ ስትደርሺ የፊት ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ትለቂያለሽ፤ ሾኩ ነፃ መሆን አለበት። ዳሌሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክንድሽ ይዘረጋል። ጎማው ይወርዳል፤ አንቺ እዚያው ነሽ። ሥሩ ላይ ትንሽ ነዳጅ ትሰጪና ፊቱ ቀለል ይላል። ጎማው ሲወጣ ጉልበትሽ ይታጠፋል፤ ሞተሩ ወደ ደረትሽ ይመጣል። ከዳር እስከ ዳር የራስሽ ከፍታ እምብዛም አልተለወጠም። ሥራውን የሠራው ጭንሽ ነው። በማግስቱ ደረጃ ላይ የሚያሠቃይሽም እሱ ነው። የጭን ሕመም እዚህ ስፖርት ውስጥ የጤና ምልክት ነው፤ እኔ የምፈራው ክንዱ ብቻ ታሞ ጭኑ ደህና የሆነውን ነጂ ነው።

መቀመጥ ክልክል ነው አላልኩም። ለስላሳ ቦታ ላይ ተቀምጠሽ እረፊ። ጠባብ መታጠፊያ ላይም ወደ ታንከሩ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪና የውጩን መርገጫ በእግርሽ ተጫኚው፤ ጎማው መሬት ይይዝልሻል።

ደስታውም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው የዚህ ነገር ጣዕም ፍጥነት ይመስለዋል። አይደለም። በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር፣ ልቅ ጠጠር ላይ ቆመሽ ስትሄጂ ሞተሩ ከሥርሽ ይጨፍራል። የፊት ጎማው ግራ ቀኝ ይላል፤ የኋላው ይንሸራተታል። መሪውን ለቀቅ አድርገሽ ስትተዪው ራሱ መንገዱን ያገኛል። መጀመሪያ ያስፈራል። ከዚያ አንድ ቀን ትተዪዋለሽ፤ እሱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሄልሜትሽ ውስጥ ብቻሽን ትስቂያለሽ። ያን ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሪፖርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ አይቻልም። አእምሮ ቦታ የለውም፤ ድንጋዩ፣ ጎማው፣ ቀጣዩ መታጠፊያ ሞልተውታል። ሳምንቱን ሙሉ ከስብሰባ ስብሰባ ሲዞር የከረመ ሰው ከሁለት ሰዓት የአቧራ ጉዞ በኋላ ፊቱ ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒት ነው ብዬ አልጽፍልሽም፤ ፈቃዴ ሊነጠቅ ይችላል።

ባሕር ዳር ለዚህ ዕድለኛ ናት። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት አፈር ታገኛለሽ። በመሸንቲና በመራዊ በኩል ቀይ አፈር አለ። በጢስ ዓባይ መስመር እስከ አንዳሳና ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ጠጠር ይገጥምሻል። በዘጌ በኩል ደግሞ የቡና ጥላና የዛፍ ሥር። እዚህ ሥር ላይ ተጠንቀቂ፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። በቀጥታ እንጂ በአግድም አትለፊው፤ ላዩ ላይ ሆነሽም ፍሬን አትያዢ።

ዋልካን ግን ለብቻው ልንገርሽ። ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ ሲሄዱ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከጉዞሽ አቅጣጫ ጋር ከገጠመ የፊት ጎማ ይውጣል። በክረምት ደግሞ ጎማውን ጠቅልሎ ይይዝና በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል። ጎማው መዞር ያቆማል። ሞተሩ ይጮሃል፤ አንቺ ቆመሻል። የዲቲሽ የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ርቆ ከፍ ያለው ያለ ነገር አይደለም፤ ጭቃው ማለፊያ እንዲያገኝ ነው። ያም ሆኖ እርጥብ ዋልካ አያልፈውም። እዚያ ውስጥ የሚያደክመው መንዳቱ ሳይሆን መግፋቱና ማንሳቱ ነው። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ዝናብ ከጣለ ለመዝናናት ወደ ዋልካ አትሂጂ። ሥራ ካስገደደሽ ዱላ ቢጤ መጥረጊያ ያዢ።

ወድቆ የተኛ ሞተር ስታነሺ ወገብሽን አትጠቀሚ። መጀመሪያ የነዳጁን መዝጊያ ዝጊ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሪ። ጠጋ ብለሽ ቁጢጥ በይ፤ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ በእግርሽ ተነሺ። ብዙ ሰው ወገቡን የሚጎዳው ሲወድቅ አይደለም፤ ሲያነሳ ነው።

ስለ ኤጂዋ አንድ ነገር። እሷ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ እርሻዎች ተብላ የተሠራች የሥራ ሞተር ናት። ሰንሰለቷ የተሸፈነ ነው፤ ፊትና ኋላዋ ዕቃ መጫኛ አለው። ታማኝ ናት፤ ለዝላይ ግን አልተፈጠረችም። የሞቶክሮስ ሞተር ሾክ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰምጣል። የሥራ ሞተር ሾክ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሾኩ ያልዋጠውን ጉልበትሽ ይውጠዋል፤ ጉልበትሽ ያልዋጠውን ወገብሽ። የክትባት ሳጥን ጭነሽ በሰኞ ጉዞ የቅዳሜውን አትሞክሪ።

ጎማ። ጎሚስታው 30 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሊሞላልሽ ይፈልጋል፤ ለአስፋልት እንጂ ለጠጠር አይሆንም። ዲቲሽን ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ አድርጊው። ጎማው ለስለስ ሲል መሬት ይይዛል፤ ትንንሹን ድንጋይ ራሱ ይውጥልሻል፤ ወደ ክንድሽ የሚመጣው ንዝረት ይቀንሳል። ከዚያ በታች አትውረጂ፤ ድንጋይ ስትመቺ የውስጡ ጎማ ይቆነጠጥና ይፈነዳል። አስፋልት ስትገቢ መልሰሽ ሙዪው። የብስክሌት ከተማ ውስጥ እየኖርሽ መንፊያ አጣሁ አትበዪኝ።

ጂም ጠይቀሻል። ክልክል አይደለም፤ ግን ገንዘብሽን ቆጥቢ። በጣም የሚጠቅምሽ ባሕር ዳር ውስጥ ሞልቶ የተረፈው ብስክሌት ነው። ፔዳሎቹን አግድም አድርገሽ ቆመሽ፣ ሳትረግጪ፣ ቁልቁለት ውረጂ፤ የሞተር አቋቋም ያው ነው። በጣም ቀስ ብለሽ፣ እግር ሳታወርጂ፣ ጠባብ ክብ ዙሪ፤ ሚዛን ይሠራል። የቤዛዊትን ዳገት በብስክሌት ወይም በእግር ውጪ፤ ልብና ጭን ይሠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈሽ ወንበር እንደያዘ ሰው ተቀመጪ፤ ጭንሽ እስኪንቀጠቀጥ። በክርንሽና በእግር ጣትሽ ተደግፈሽ ሆድሽን አጥብቀሽ ቆዪ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ በግማሽ ሞልተሽ ይዘሽ ግቢውን ዙሪ፤ ሲቀልሽ ጨምሪ። ለጭብጥ ብርታት ይህ በቂ ነው። እጅ ማጠንከሪያ እያሉ የሚሸጡትን ስፕሪንግ ቀን ከሌት መጭመቅ አልመክርም። ያበጠ ክንድ የበለጠ እንዲያብጥ ማስተማር ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ቀስ በይ። ክንድ ቶሎ የሚያዘው ከቤት ወጥቶ ወዲያው የሚፈተለከው ሰው ነው። ሃያ ደቂቃ ነድተሽ አምስት ደቂቃ ቁሚ፤ በየሳምንቱ ሃያውን አስረዝሚ። ጓደኞችሽ ካልጠበቁሽ ሌላ ጓደኛ ፈልጊ።

ውኃ ያዢ። በሙቀት ከአንድ ሊትር በላይ በሰዓት የሚያልበው ነጂ አለ። ከጉዞ በፊት በሶ ብጥብጥ ጠጪ፤ ለመንገድ ቆሎ ያዢ። ለዚህ ጉዳይ በፕላስቲክ ታሽጎ ከውጭ ከሚመጣው ሁሉ በሶ ይሻለኛል። የምትጾሚ ከሆነ ዓቢይ ጾም ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳር ሞቃታማ ወራት ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ በቀትር ጠጠር ላይ መንዳት አደገኛ ነው፤ ቀድሞ የሚደክመው ጡንቻ ሳይሆን ውሳኔ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጉዞሽን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጊው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ግቢ።

ከጉዞ በኋላ ሞተር ለማጠብ ጣና ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ በባዶ እግር አትግቢ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የሞተር ዘይትም ለዓሣው አይሆነውም። ባልዲ ይበቃል።

የሰውም ነገር አለ። ዘጌ ውስጥ መንገዱ የእግረኛና የበቅሎ ነው፤ ገዳማቱ አጠገብ ባለ ሁለት ምት ሞተር እያንጫረሩ ማለፍ ነውር ነው። አጥፍተሽ ግፊ። ጤፍ የበቀለበትን እርሻ አትሻገሪ። የገበያ ቀን አቧራሽን ሰው ላይ አትበትኚ። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ መስመሩ ሰላምና ክፍት መሆኑን ከዚያ አካባቢ ሰው ደውለሽ ጠይቂ።

አሁን እናትሽ። አቅም የሚለውን ነገር በሙያዬ ልመልስላቸው። በአማካይ የሴት ጭብጥ ከወንድ ያነሰ ኃይል አለው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ከየራሳቸው ከፍተኛ አቅም ተመሳሳይ መቶኛ በሚሆን ኃይል ጨብጠው እንዲቆዩ ቢደረግ፣ ብዙውን ጊዜ ሴቷ ትቆያለች። የሴት ጡንቻ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ቶሎ አይደክምም። ስለዚህ ገላሽ ለዚህ ይሆናል። ጥሩ የስፖርት ጡት ማስያዣ ልበሺ፤ ንዝረቱ ቀልድ አይደለም።

የእናትሽ ፍርሃት ግን የጡንቻ አይደለም፤ የመውደቅ ነው። እሱ ላይ ልክ ናቸው። ትወድቂያለሽ። ሁሉም ይወድቃል። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። አገጭ የሚሸፍነውን ግዢ፤ ማሰሪያውንም እሰሪ። ጓንት፣ መነጽር፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ጠንካራ የቆዳ ጫማ። የጎማ ቦት ጭቃ ይከላከላል እንጂ ቁርጭምጭሚት አይይዝም። ብቻሽን አትውጪ።

ስትወድቂ እጅ ዘርግቶ መሬት መደገፍ የሰው ሁሉ ደመ ነፍስ ነው። የሚሰበረውም አንጓና የአንገት አጥንት ነው። ከወደቅሽ በኋላ አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ከሥሩ፣ አንጓው ጎን ላይ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። እዚያ ውስጥ በጣትሽ ስትጫኚ የሚያምሽ ከሆነ "ወለምታ ነው" ብለሽ ወደ ወጌሻ አትሂጂ። እዚያ ሥር ያለች ትንሽ አጥንት ተሰብራ የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ሐኪም ያስርልሽና ከአሥር እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል። ችላ ከተባለች ደም ተቋርጦባት ትሞታለች፤ አንጓሽን ዕድሜ ልክ ታስከፍልሻለች። ክንድሽም ቢሆን ጉዞው ካለቀ በኋላ ድንዛዜው አልለቅ ካለ፣ ወይም ሌሊት ጣትሽ እየነዘረ ከቀሰቀሰሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለመጪው ቅዳሜ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ግን የአንድ ሰዓት የጋራዥ ሥራ ነው። ጡንቻ ከራስ አቅም አንጻር ቢታገሥም ፍሪሲዮኑ አቅምሽን አይጠይቅም፤ ለሁሉም እኩል ነው የሚከብደው። በአሮጌ ዲቲ ላይ ደግሞ ገመዱ ደርቆና ዝጎ ክብደቱን ያበዛዋል። የፍሪሲዮኑን ገመድ ያስፈቱልሽ፤ ዘይት ከላይ ገብቶ ከታች እስኪወጣ ይቀባ። ተበጣጥሶ ከሆነ ይቀየር። ከዚያ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን መያዣ ትንሽ ወደ ታች ያዙሩልሽ፤ ቆመሽ ስትይዢው አንጓሽ ሳይታጠፍ ከክንድሽ ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ፋብሪካው ያስተካከለው ለተቀመጠ ሰውና ለትልቅ እጅ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ጣት መሳብ ከቻልሽ ሌሎቹ ጣቶች እጀታው ላይ ያርፋሉ። መካኒኩ "ይሄ ምን አለው፣ ጥሩ ነው" ብሎ በሙሉ እጁ እየሳበ ሊያሳይሽ ይችላል። በሁለት ጣቱ ሃያ ጊዜ ይሳበው፤ ካማረረ ገመዱን አልቀባውም ማለት ነው።